ከሰማይ ሲያዩት ሜዳ

ለድንኳን ማደሪያ በሳተላይት ካርታ ስለመፈለግ፦ ተረትና እውነታ ከላስታ ደጋ

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰፈሮች በመኳንንትና በጦር አዝማች ስም የሚጠሩት፣ በአንድ ወቅት የእውነት ሰፈር፣ ማለትም የድንኳን ማረፊያ ስለነበሩ ነው። ሠራዊት ሲንቀሳቀስ የፊተኛው ጦር ቀድሞ ይሄዳል፤ አዛዡም ፊታውራሪ ይባላል። ውኃው የት ነው? ለከብቱ ግጦሽ አለ? ገደሉ በየት በኩል ነው? ይህ ሁሉ በእግርና በበቅሎ ታይቶ ነበር ድንኳን የሚተከለው።

ዛሬ ፊታውራሪነቱን ስልክ ወስዶታል። ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ ሊያቀና ወይም አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ሊያድር ያሰበ ሰው፣ ቦሌ ካፌ ተቀምጦ ጉግል ኧርዝን ይከፍታል። ላስታን በሁለት ጣቱ እያሰፋና እያጠበበ «እዚህ ጋ እናድራለን» ይላል። ልማዱ ጥሩ ነው፤ ምንም ሳያዩ ከመሄድ ይሻላል። ሆኖም ከላይ የተነሣ ምስል የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የቀረውን የምንሞላው እኛ በግምት ነው። ከግምቶቹ ሰባቱን እንያቸው።

ተረት 1፦ «የማየው የዛሬውን ላስታ ነው»

እውነታው፦ ምስሉ ቀጥታ ሥርጭት አይደለም። በተለያየ ቀን ከተነሡ ፎቶዎች የተሰፋ ድሪቶ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለፈው፣ ራቅ ባለ ገጠር ደግሞ ከዚያም የቆየ ሊሆን ይችላል። ደመና ያረፈበት ፎቶ ስለማይመረጥ፣ ለእኛ የሚደርሰን በአብዛኛው የበጋው ገጽታ ነው። ክረምትን ካርታው አያውቀውም ማለት ይቻላል። በምስሉ ላይ አሸዋ ለብሶ የተኛው፣ ለድንኳን የሚያጓጓው የወንዝ ዳር፣ ሐምሌ ላይ ወደ ተከዜ የሚጋልብ ጎርፍ ይሆናል። ደራሽ ጎርፍ ደግሞ ላይኛው ተራራ ላይ በጣለ ዝናብ፣ ሰፈሩ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ይመጣል።

መላ አለው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ጉግል ኧርዝ ያለፉትን ዓመታት ምስሎች ከነቀናቸው ያሳያል። የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶችም አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ገደማ ያነሣሉ፤ ምስሉ በነፃ ይገኛል። ነገር ግን የምስሉ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ትሸፍናለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ነጥቧ 13.75 ሜትር ነበር። አንድ ጎጆ በዚህ ነጥብ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ወቅቱን ለማወቅ አዲሱን ደብዛዛ ምስል፣ ዝርዝሩን ለማየት አሮጌውን ጥርት ያለ ምስል አጣምሮ ማየት ያስፈልጋል።

ተረት 2፦ «ምስሉ ላይ ሜዳ ከሆነ ሜዳ ነው»

እውነታው፦ ከአናት ሲታይ ተዳፋትም ሜዳ ይመስላል። ከዚህ የባሰም አለ፤ ገደሉ ተራራ፣ ተራራው ገደል መስሎ ይገለበጣል። ብዙዎቹ የፎቶ ሳተላይቶች በላያችን የሚያልፉት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በበጋ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ላስታን ከደቡብ ምሥራቅ ስለምታበራ ጥላው ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወድቃል። ሰሜን ወደ ላይ በሆነ ካርታ ላይ ብርሃኑ ከታች መጣ ማለት ነው። ዓይናችን ግን ብርሃን ከላይ እንዲመጣ ስለለመደ ሸለቆውን እንደ ጉብታ ያነበዋል። ግራ ሲገባ ካርታውን አዙሮ ደቡብን ወደ ላይ ማድረግ ነው፤ መሬቱ ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል።

«ታዲያ በሦስት ገጽታ (3D) አጋድሜ አየዋለሁ» የሚልም አለ። ለብዙው ዓለም የከፍታ መረጃ መሠረት የሆነው በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በራዳር የለካችው ነው። ልኬቱ በየ30 ሜትሩ ነው፤ በሁለት ነጥብ መካከል ያለ ቀጥ ያለ ገደል በስክሪኑ ላይ ለስላሳ ቁልቁለት ሆኖ ይታያል። የላስታን ተራራ የሠሩት የእሳተ ገሞራ አለቶች ደግሞ እንደ ደረጃ የተደራረቡ ናቸው፤ ከደረጃዎቹ ብዙዎቹ በዚህ ወንፊት ይሾልካሉ።

ተረት 3፦ «ገላጣው ቦታ የማንም አይደለም»

እውነታው፦ በደጋው ላይ ለጥ ያለ መሬት ሁሉ ሥራ አለው። ከላይ ሲታይ ክብ፣ የተላገ፣ ድንጋይ የተለቀመለት፣ «ለድንኳን የተሠራ» የሚመስለው ቦታ አውድማ ሊሆን ይችላል። ለካምፕ የሚመረጡት ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ እህል የሚወቃባቸው ወራት ናቸው። ባዶ የመሰለው ማሳ የታጨደ ወይም ጦም ያደረ ነው። ሣር የለበሰው ግጦሽ ነው፤ ከፍ ሲሉም ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚጠበቅ ጓሳ አለ። በአቡነ ዮሴፍ ከፍታ ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ፤ ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ስፍራ ነው።

ሰው ያስተናገደው እንግዳ የት እንደሚያድር አይቸገርም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመቄት፣ ኋላም በላስታ፣ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ተሠርተዋል። ከላሊበላ በላይም ሁዳድ የሚባል ማረፊያ አለ። ስሙም ይናገራል፤ ሁዳድ ድሮ ገበሬው በጋራ ወጥቶ ለጌታው የሚያርሰው ሰፊ እርሻ ነበር። ሳተላይቱ ሜዳውን ያሳያል፣ የቦታ ስም ግን ታሪኩን ይዟል።

ተረት 4፦ «አረንጓዴ ካለ ውኃ አለ»

እውነታው፦ በላስታ ምስል ላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ክብ፣ በመካከሉም የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ካዩ፣ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጽዱና ወይራው የቆመው ተጠብቆ ነው እንጂ ምንጭ ስላለ ላይሆን ይችላል። በመስመር የተሰለፈው አረንጓዴ ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱ ውኃ ጠጪ እንጂ ውኃ አመልካች አይደለም። እውነተኛው ምንጭ ከገደል ሥር በቀጭኑ የሚወርድ፣ ከሰማይ የማይታይ ሊሆን ይችላል። የሚታየው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው። ከየቤቱ ተነሥተው አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙ ቀጫጭን የእግር መንገዶችን ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ እንስራ የሚመላለስባቸው ናቸው። ምንጩ ጠበል ሊሆን ስለሚችል ግን ከመቅዳት በፊት መጠየቅ ነው።

ተረት 5፦ «ከላይ ያልታየ ነገር የለም»

እውነታው፦ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ይህን ይፈቱታል። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከሰማይ ጥርት ያለ መስቀል ነው፤ በእግር የሚመጣ ሰው ግን ጉድጓዱ አፋፍ እስኪደርስ አያየውም። ይምርሐነ ክርስቶስ የተሠራው ዋሻ ውስጥ ነው፤ ሳተላይቱ የሚያሳየው ገደልና ደን ብቻ ነው። ዋሻ፣ ጥላ፣ ድንጋይ የሚንከባለልበት የገደል ፊት፣ በዛፍ የተሸፈነ መንገድ፦ ለአዳሪ ሰው ዋናዎቹ ነገሮች ከጣሪያው ሥር ናቸው። የአካባቢው ፀጥታም በየትኛውም ምስል ላይ አይታይም።

ተረት 6፦ «አሥር ኪሎ ሜትር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው»

እውነታው፦ በካርታው ላይ ጣት የምታሰምረው መስመር የአሞራ መንገድ ነው። ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በመኪና 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል፤ የአሞራው መንገድ የዚያን ግማሽ አይሞላም። ለእግረኛ ስኮትላንዳዊው ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት አሁንም ያገለግላል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ4,200 ይበልጣል። አቀበቱ ብቻውን ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ነው፤ ያውም ከፍታውን ለለመደ ሳንባ። ብርዱም አብሮ ይወጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል፤ ላሊበላ በጋቢ ያደረ ሰው ጫፉ አጠገብ በውርጭ ይነሣል። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ ከነፋስ የተከለለ የመሰለው ጉድባ ከሁሉ የከፋው ሊሆን ይችላል።

ተረት 7፦ «ኔትወርክ ከሌለ ካርታ የለም»

እውነታው፦ ጂፒኤስ ምልክቱን የሚቀበለው ከሳተላይት ነው፤ ሲም ካርድም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ነጥብዎ የሚያርፍበት ሥዕል ነው። ጉግል ማፕስ ለጉዞ የሚያስቀምጠው የመንገዱን ካርታ እንጂ የሳተላይቱን ፎቶ አይደለም። ስለዚህ የሚፈልጉትን ምስል በስክሪን ቅጂ ይያዙ፤ ባትሪው በብርድ ቶሎ ስለሚወርድም ስልኩን ማታ ከብርድ ልብስ ውስጥ ያሳድሩት።

ታዲያ ካርታው ለምን ይጠቅማል? ለመጠየቅ። ሦስት ቦታ ምልክት አድርጎ የመጣ ሰው ኩልመስክ ወይም ላሊበላ ሲደርስ «የት እንደር?» ብሎ አይጀምርም። ምስሉን ለአስጎብኚው ወይም መንገድ ላይ ላገኘው ሽማግሌ አውጥቶ ያሳያል፦ «አባባ፣ ከነዚህ ከሦስቱ ጠዋት ፀሐይ የሚቀድመው የቱ ነው? ማታ ነፋስ የማይመታው የቱ ነው? መሬቱስ የማን ነው?» ሽማግሌው ስልኩን ወዲያና ወዲህ ያዟዙረዋል፤ ደቡቡን ወደ ላይ ሊያደርጉትም ይችላሉ። ከሦስቱ አንዱንም ሳይመርጡ ምስሉ ላይ ምልክት ወዳልተደረገበት አራተኛ ቦታ ቢጠቁሙ፣ ድንኳኑን ወደዚያ ይዞ መሄድ ነው።