የተተወው የባቡር መስመር ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል የመዝናኛ መንገድ ሆኗል

በአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል የምትገኘው የሚኒሶታ ግዛት በሐይቆቿና በደኖቿ ትታወቃለች። በግዛቲቱ እያንዳንዳቸው 4 ሄክታርና ከዚያ በላይ ስፋት ያላቸው ከ11 ሺህ 800 በላይ ሐይቆች ይገኛሉ። በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ከተሞች ተነስቶ ጥቂት ሰዓታት ወደ ሰሜን የተጓዘ መንገደኛ፣ በእነዚህ ሐይቆች መካከል የተዘረጉ ረጃጅም የመዝናኛ መንገዶችን ያገኛል። መንገዶቹ በበጋ በእግረኞችና በብስክሌተኞች፣ በበረዶው ወቅት ደግሞ በስኖሞቢል ነጂዎች ይዘወተራሉ። ስኖሞቢል በበረዶ ላይ ለመነዳት የተሠራ ሞተር ነው።

ከመንገዶቹ መካከል በስፋት የሚታወቀው ብሬነርድ ከተባለችው ከተማ አካባቢ ተነስቶ እስከ ቤሚጂ የሚዘልቀውና 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የፖል ባንየን መንገድ ነው። ስያሜውን ያገኘው በአካባቢው ተረት ከሚወሳው ግዙፍ ዛፍ ቆራጭ ሲሆን፣ በቤሚጂ ከተማ ሐይቅ ዳርቻም እ.ኤ.አ. በ1937 ሐውልት ቆሞለታል። ከዚሁ መንገድ ጋር የሚገናኘው የ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የሃርትላንድ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1974 በሕግ የተፈቀደ ሲሆን፣ የተተወ የባቡር መስመርን ወደ መዝናኛ መንገድ በመለወጥ በአገሪቱ ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ ነው።

የሁለቱም መንገዶች መነሻ ባቡር መሆኑ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአካባቢው ጥንታዊ የጥድ ደን በሰፊው ሲጨፈጨፍ፣ ግንዱን ለማጓጓዝ በየጫካው ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። ደኑ ተመናምኖ የጭነት ሥራውም ሲቀንስ መስመሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ሐዲዱ ቢነሳም በጠጠር የተደለደለው መሠረትና ድልድዮቹ በቦታቸው ቀሩ። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል መሠረቱ የተሠራው በለስላሳ ተዳፋት ነበር። በመሆኑም አስፋልት ሲለብስ ለአረጋውያን፣ ለሕፃናትና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች ጭምር ምቹ ሆኗል።

ይሁንና አንድን መንገድ ዓመቱን ሙሉ ማገልገል የሚያስችለው የመሬቱ አቀማመጥ ብቻ ሳይሆን የአጠቃቀም ሥርዓቱም ጭምር ነው። ለምሳሌ የስኖሞቢል ሰንሰለት በግግር ላይ እንዳያንሸራትት የሚገጠምለት የብረት ጥርስ አስፋልቱን ስለሚቦጫጭቅ፣ አስፋልት በለበሱት የግዛቲቱ መንገዶች ላይ ተከልክሏል። በአንጻሩ በሱፒሪየር ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በ480 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው ዳገታማ የእግር መንገድ ለእግረኞች ብቻ የተተወ ነው። ከዚሁ ትይዩ በስተውስጥ የሚያልፈውና በዋናነት ለስኖሞቢል የተሠራው ሌላ መንገድ ደግሞ በከፊል ረግረግ የሚያቋርጥ በመሆኑ፣ በሚገባ የሚያገለግለው ምድሩ በቅዝቃዜ ሲደርቅ ነው።

የበረዶው ወቅት ሥራ ልዩ ጥረት ይጠይቃል። አዲስ የወረደ በረዶ ለስላሳ በመሆኑ በትራክተር በሚጎተት ከባድ መሣሪያ ተደልድሎ መጠቅጠቅ ይኖርበታል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት የሚከናወነው ቅዝቃዜው የተጠቀጠቀውን በረዶ እስከ ንጋት እንዲያጠነክረው ነው። በስኪ ለሚንሸራተቱ ሰዎች በተዘጋጁት መንገዶች ላይ ደግሞ ሁለት ትይዩ ቦዮች ይወጡላቸዋል።

በግዛቲቱ ከ35 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የስኖሞቢል መንገድ የሚገኝ ሲሆን፣ አብዛኛውን የሚንከባከቡት በየአካባቢው የተደራጁ የበጎ ፈቃደኞች ክለቦች ናቸው። መንግሥት ከተሽከርካሪ ምዝገባና ከነዳጅ ቀረጥ ከሚሰበስበው ገንዘብ ወጪያቸውን ይደግፋል። መንገዶቹ በብዙ ቦታ የሚያልፉት ባለቤቶቹ በፈቀዱት የግል መሬት ላይ በመሆኑ፣ አንድ ባለይዞታ ፈቃዱን ቢያነሳ ረጅም መስመር ሊቋረጥ ይችላል። በዚህም ምክንያት ክለቦቹ ከባለይዞታዎች ጋር ያላቸውን መልካም ግንኙነት መጠበቅ በረዶውን ከመደልደል ያላነሰ ሥራቸው ነው። የስኖሞቢል ወቅትም እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 እንዲሆን ተወስኗል።

በአሁኑ ጊዜ ይህን ሥርዓት የሚፈታተነው የአየር ሙቀት መጨመር ነው። እ.ኤ.አ. የ2023/24 የበረዶ ወቅት በሚኒሶታ በታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃታማው ነበር። በዚያው ዓመት በሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ የሚካሄደው የታወቀ የውሻ ጋሪ ውድድር በበረዶ እጥረት ተሰርዟል። በአጎራባቿ በዊስኮንሲን የሚካሄደውና በወትሮው 50 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ትልቅ የስኪ ውድድርም በመሣሪያ በተመረተ በረዶ በተሸፈነ የ10 ኪሎ ሜትር ዙር ላይ ተካሂዷል። በበረዶ ወራት ገቢ የሚተዳደሩ የእንግዳ ማረፊያዎች፣ ምግብ ቤቶችና ነዳጅ ማደያዎች በመጎዳታቸው የፌዴራሉ መንግሥት ለአነስተኛ ንግድ ድርጅቶች የአደጋ ጊዜ ብድር ፈቅዷል።

ሙቀቱ የደኅንነት ሥጋትም አስከትሏል። የግዛቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ በሐይቅ ግግር ላይ በእግር ለመሄድ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ግግር እንደሚያስፈልግ፣ ለስኖሞቢል ደግሞ ከዚያም የበለጠ እንደሚሻ ያሳስባል። ሐይቆቹ ዘግይተው ሲረጉና ቀድመው ሲቀልጡ የለመዱትን አቋራጭ በእምነት መጠቀም ለሕይወት አስጊ ነው።

ያም ሆኖ በአንድ አገልግሎት ብቻ ያልታጠሩ መንገዶች ጠቀሜታ በዚህ ጊዜ ጎልቶ ታይቷል። በረዶ ሲጠፋ ለስኖሞቢል ብቻ የተሠራ መስመር ያለ ሥራ ሲቀር፣ የቀድሞው የባቡር መንገድ ግን በጥር ወርም ቢሆን እግረኛና ብስክሌተኛ ያስተናግዳል። ግንድ ለማጓጓዝ ተሠርቶ ከግንዱ በኋላም ሥራ ያላጣው መንገድ፣ በረዶው ለሚሳሳበት ጊዜም ለአካባቢው ከተሞች የገቢ ምንጭ ሆኖ የመቀጠል ዕድል አለው።