ማሽኑ የሚያነበው ታሪክ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የጋራ ትረካዎቻችን

የሰው ልጅ ገና ያልደረሰበትን ዘመን አስቀድሞ የሚጎበኘው በታሪክ ነው። ለዚህ ከፊዚክስ ዓለም አንድ ምሳሌ እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1914 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ «አቶሚክ ቦምብ» የተሰኘ መሣሪያ ከተሞችን ሲያወድም ተርኮ ነበር። በዚያን ጊዜ ኒውትሮን እንኳ ገና አልተገኘም። ሀንጋሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሊዮ ሲላርድ መጽሐፉን በ1932 አነበበ፤ በማግሥቱ ዓመት ለንደን ውስጥ ሳለ የኒውክሌር ሰንሰለታዊ አጸግብሮት ሐሳብ መጣለት። በ1934 ለሐሳቡ የፈጠራ መብት ከጠየቀ በኋላ ሰነዱ በምሥጢር እንዲያዝ ጥረት አደረገ። ነገሩ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የተረዳው ዌልስን በማንበቡ መሆኑንም ኋላ ላይ ራሱ ገልጿል። ልብ ወለዱ ለሊቁ ቀመር አላቀበለውም፤ ቀመሩ የሚያመጣውን መዘዝ ግን አስቀድሞ አሳየው።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የታሪክ አንባቢ ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በተለምዶም አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚባለው ቴክኖሎጂ፣ ሁለተኛ አንባቢ ሆኖ መጥቷል። ታዲያ ይህ አንባቢ እንዴት ያነባል? ካነበበውስ ምኑን ይይዛል፣ ምኑን ይጥላል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች ማብራራት ነው።

ፊደል ከመቁጠር የተጀመረ ሳይንስ

ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬይ ማርኮቭ በ1913 ያቀረበው ጥናት ለዚህ ሳይንስ መነሻ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው። ማርኮቭ በአገራችን ስሙ እንግዳ ያልሆነው ፑሽኪን ከጻፈው «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» ውስጥ 20,000 ፊደላትን ወስዶ አናባቢና ተነባቢ እያለ ቆጠረ። ከጠቅላላው 43 በመቶ ያህሉ አናባቢዎች ነበሩ። ሆኖም አንድ ፊደል አናባቢ ከሆነ ቀጣዩም አናባቢ የመሆን ዕድሉ ወደ 13 በመቶ ይወርዳል፤ ተነባቢ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ አናባቢ የመሆን ዕድሉ ወደ 66 በመቶ ከፍ ይላል። ስለዚህ ያለፈውን ማወቅ የሚመጣውን ለመገመት ይረዳል ማለት ነው።

አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን በ1951 ባሳተመው ጥናት ሰዎች የተሸፈነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፊደል በፊደል እንዲገምቱ አደረገ። 26ቱ ፊደላትና ባዶው ቦታ እኩል ዕድል ቢኖራቸው ኖሮ እያንዳንዳቸው 4.75 ቢት ያህል መረጃ በያዙ ነበር። ቋንቋውን ለሚያውቅና በቂ ዐውድ ላገኘ አንባቢ ግን የሚቀረው በፊደል 1 ቢት ገደማ እንደሆነ ገመተ። ቀሪውን ቋንቋው ራሱ ይነግረዋል።

የዘመናችን የቋንቋ ሞዴሎችም የሚሠለጥኑት በዚሁ መርሕ ነው፤ ያለፉትን ቃላት አይተው ቀጣዩን ይገምታሉ። ልዩነቱ በስፋቱ ነው። በ2017 ይፋ የሆነው «ትራንስፎርመር» የተሰኘ አሠራር ሞዴሉ ረጅም ዐውድን በአንድ ጊዜ እንዲያገናዝብ አስቻለው። በ2020 የወጣው ጂፒቲ-3 በሥልጠና የሚስተካከሉ 175 ቢሊዮን ቁጥሮች ነበሩት። የተማረውም ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ከተሰበሰበ ጽሑፍ ነበር።

ቦልትዝማን በቃላት መካከል

የፊዚክስ ተማሪ እዚህ ላይ አንድ የሚያውቀውን ሰው ያገኛል። ሉድቪግ ቦልትዝማን የጋዝ ሞለኪዩሎች በልዩ ልዩ የኃይል ደረጃዎች እንዴት እንደሚከፋፈሉ ለማስላት የተጠቀመበት ቀመር ዛሬ ቃል ለመምረጥ ያገለግላል። በሁለቱም ዘንድ ሥርጭቱን የሚወስነው «ሙቀት» ይባላል። እርግጥ የሞዴሉ ሙቀት በቴርሞሜትር የሚለካ ሳይሆን በተጠቃሚው የሚመረጥ ቁጥር ነው። የ2024 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ለጆን ሆፕፊልድና ለጄፍሪ ሂንተን መሰጠቱም ይህን ዝምድና ያጎላል፤ ሂንተን ካበረከታቸው ሥራዎች አንዱ «የቦልትዝማን ማሽን» የሚል ስም አለው።

በምሳሌ እንየው። «መስኮቱን ከፍቶ ሲመለከት ያየው...» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለመቀጠል ሦስት አማራጮች ብቻ አሉ እንበል፤ «በረዶ»፣ «ዝናብ» እና «አደይ አበባ»። ሞዴሉ ካነበበው በመነሣት በቅደም ተከተል 3፣ 2 እና 1 ነጥብ ሰጣቸው። እያንዳንዱ ነጥብ ለሙቀቱ ይካፈልና 2.718 ለተባለው ቁጥር ርቢ ይሆናል፤ ከዚያም ድምሩ 100 በመቶ እንዲሆን ይመጣጠናል። ሙቀቱ 1 ሲሆን የመመረጥ ዕድላቸው 66.5፣ 24.5 እና 9 በመቶ ነው። መልሱ እንዳይዋዥቅ ተፈልጎ ሙቀቱ ወደ 0.5 ሲወርድ ግን 86.7፣ 11.7 እና 1.6 በመቶ ይሆናል። አንባቢ ሆይ፣ «አደይ አበባ»ን ልብ በል። ከአሥራ አንድ ጊዜ አንዴ ይመጣ የነበረው ቃል አሁን ከስድሳ ጊዜ አንዴ ብቻ ይመጣል። ማሽኑን መስተዋት ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ መስተዋት ግን የበዛውን ያበዛል፣ ያነሰውንም ያሳንሳል።

ብርቁ ታሪክ ሲጠፋ

አደጋው በዚህ አያበቃም። ማሽኑ የጻፈው ተመልሶ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፤ የሚቀጥለው ማሽንም ያንኑ ያነባል። በ2024 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሞዴሎች ከእነርሱ በፊት የነበሩ ሞዴሎች ባመነጩት ጽሑፍ እየተደጋገሙ ሲሠለጥኑ በቅድሚያ የሚያጡት አልፎ አልፎ የሚከሰተውን ነው። ሰዎች የጻፉት ጽሑፍ ጥቂት እንኳ ቢቀላቀልበት ጉዳቱ እንደሚቀንስም ጥናቱ አመልክቷል።

ከዌልስ ታሪክ ጋር ስናያይዘው ጉዳዩ ግልጽ ይሆናል። በ1914 የአቶም ቦምብ ትረካ ከብዙኃኑ ሐሳብ የራቀ፣ ዕድሉ አነስተኛ የሆነ ታሪክ ነበር። የዘመኑን ጽሑፍ ብቻ ይዞ በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠራ ማሽን ያን ታሪክ ባልጻፈው ነበር። የሰው ልጅን የሚያስጠነቅቁት ታሪኮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብርቅ የሆኑት ናቸው።

የእኛ ድርሻ

አማርኛ በዚህ ሒደት ውስጥ ሁለት ችግሮች አሉበት። የመጀመሪያው የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ቢካተትም፣ በስፋት በሚሠራበት አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በርካታ ሞዴሎች ጽሑፍን የሚከፋፍሉት ከባይት ተነሥተው ነው፤ በመሆኑም እምብዛም ያላዩትን የአማርኛ ቃል ወደ ብዙ ቁርጥራጮች ይበታትኑታል። ይህም ስሌቱን ያበዛል፣ ወጪውንም ይጨምራል። ሁለተኛውና የከበደው ግን የጽሑፍ ማነስ ነው። ተረቶቻችን፣ የገበሬው የአየር ጠባይ ዕውቀትና የሽማግሌዎች የዕርቅ ሥርዓት በአብዛኛው በቃል የሚኖሩ ናቸው። በቃል ብቻ ያለ ነገር ለማሽኑ እንደሌለ ይቆጠራል።

በዚህ ረገድ ተማሪዎች ሊያከናውኗቸው የሚችሉ ተግባራት አሉ። አንደኛ፣ የተማሩትን ሳይንስ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች በጥንቃቄ መጻፍ። ሁለተኛ፣ አረጋውያን የሚያወጉትን በፈቃዳቸው መቅዳትና ቦታውንና ቀኑን ጠቅሶ በጽሑፍ ማኖር። ሦስተኛ፣ ከማሽን የተገኘ ትርጉም ሳይታረም እንዳይሠራጭ መጠንቀቅ፤ ያልታረመ ስሕተት ነገ የማሽኑ መማሪያ ይሆናልና።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ልጅ ስለ አገሩ ማሽኑን ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ዛሬ ከተጻፈው የሚወጣ ነው። ያልጻፍነውን ማሽኑ ሌሎች ከጻፉት ይሞላዋል፤ ልጁም መስኮቱን ሳይከፍት ውጭው በረዶ ነው ብሎ ሊያምን ይችላል።