«አልጋ አለ?»

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚወርድ መንገደኛ ጣርማበር ላይ ጋቢውን ይከናነባል። የመንገዱ ዋሻ ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነውና ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢው ይከብደዋል። ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራቆሬን አልፎ፣ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከሚሴ ሲገባ ደግሞ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ ቆላ ናት፤ እዚህ ምቾት ማለት ጥላ፣ ነፋሻ በረንዳና ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

እንግዳው «ክፍል» ብሎ አይጠይቅም፤ «አልጋ አለ?» ነው የሚለው። ኦሮምኛው «ሲሬ» ይለዋል። «ሆቴል» የሚለው ቃል በአገራችን ከመኝታው ይልቅ ለምግቡ ይቀርባል፤ ሆቴል ተብሎ አንድም አልጋ የሌለው ቤት ሞልቷል። ማደሪያ መሸጥ ራሱ ለኛ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የጣይቱ ሆቴል አዲስ አበባ ላይ በ1890ዎቹ መጨረሻ ሲከፈት፣ የመሸበት ሰው «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ብሎ ደጅ የሚመታበት ዘመን ገና አላለፈም ነበር።

የመንገድ ዳር ሆቴል አሠራር ቀላል ነው። ፊቱ አስፋልት ነው፤ በረንዳው ላይ ሻይና ቡና ይጠጣል። በትልቁ በር ሲገባ መኪና የሚያድርበት ግቢ አለ፤ ክፍሎቹ ዙሪያውን ይደረደራሉ። ተቀባዩ መታወቂያ ያያል፣ ስም መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ ሒሳቡን አስቀድሞ ይቀበልና ቁልፍ ይሰጣል። ሻወርና ሽንት ቤቱ በውስጥ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል፤ በጋራ ከሆነ ይቀንሳል። ደሴ ላይ እንግዳ «ሙቅ ውሃ አለ?» ይላል፤ ከሚሴ ላይ የሚፈለገው ቬንትሌተር ነው። የቦርከና ወንዝ የሚያረጥበው የጨፋ ሜዳ ለከብት ሣር እንደሚያበቅል ሁሉ ትንኝም ያራባል። ስለዚህ አልጋው ላይ አጎበር መንጠልጠሉ ለጌጥ አይደለም።

ማእድ ቤቱም የአካባቢውን መልክ ይይዛል። የዞኑ ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በመንገዱ የሚያልፈው ግን ሁሉም ዓይነት ሰው ነው። «ሥጋው የእስላም ነው የክርስቲያን?» ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር አይቆጠርም፤ አስተናጋጁም ሳይቀየም ይመልሳል። ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱ የሚያዝ ጾመኛ አለ። በረመዳን ደግሞ ቀን ጭር ያለው በረንዳ ከመግሪብ በኋላ ነፍስ ይዘራል።

የአልጋውን ፈላጊ የሚያበዛው አንዱ ነገር ገበያ ነው። የሰንበቴ ገበያ እሁድ፣ የባቲው ሰኞ ይውላል። ደገኛው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና ግመል የሚነዳው አፋር የሚገናኙት እዚያ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ነጋዴም ከዋዜማው ማደሪያ ይፈልጋል።

እንግዲህ ከሚሴ የሚያድር ሰው ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት ስለ ውሃው፣ ስለ ቬንትሌተሩና ስለ አጎበሩ ይጠይቅ። ጋቢውንም ከበደኝ ብሎ ጥሎት እንዳይሄድ፤ በመመለሻው ጣርማበር ይጠብቀዋል።