ፀሐይ እንዳትጠልቅ ማን ያጥልቃት?

ጳጉሜን ላይ ከአብነት ወደ መርካቶ የሚዘልቅ ሰው ዓይኑ በቅድሚያ የሚያርፈው በየሱቁ ደጃፍ በተንጠለጠሉት የትምህርት ቤት ቦርሳዎች ላይ ነው። በአንዱ ላይ ስፓይደርማን ድሩን ወርውሯል፣ በሌላው ኤልሳ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ቆማለች፣ ዝቅ ብሎ ቶም ጄሪን ያባርራል። ቦርሳ ሊመርጥ የመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ሁሉንም በስማቸው ይጠራቸዋል። እኛ ትልልቆቹ ግን አንድ ነገር ልብ አንልም፤ ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ከልጁ አያት ጋር ይተካከላሉ። ቶምና ጄሪ የተፈጠሩት በፈረንጆቹ 1940 ነው፤ ጣልያን ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ማለት ነው። ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1962 ነው፤ ያኔ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን አልጀመረም። እንግዲህ ‹‹የልጆች ገጸ ባሕርይ ያረጃል፣ ዘመኑ ያልፍበታል›› የሚለውን አባባል እዚሁ ቦርሳ መደርደሪያው ሥር እንመርምረው። ያረጁት እዚያ ተሰቅለዋል። የእኛዎቹ፣ ዕድሜያቸው ገና የሆነው፣ ብዙም አይታዩም።

የእኛዎቹ ስል ከሁሉ አስቀድሜ የማስባት ፀሐይን ነው። ‹‹ፀሐይ መማር ትወዳለች›› በፈረንጆቹ 2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ስትጀምር የስድስት ዓመት ቀጭኔ ነበረች፤ ዛሬም የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። የፈጠሯት የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ናቸው፤ ሥራውን የጀመሩት ከካልሲ በተሠሩ አሻንጉሊቶች፣ በገዛ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ነው። የፀሐይን ድምፅ የሰጠችውም ብሩክታዊት ራሷ ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ዝግጅቱ ጀርመን ሙኒክ በሚካሄደው የልጆች ቴሌቪዥን ውድድር በፕሪ ጄኔስ ተሸለመ፤ በ2010 ደግሞ ብሩክታዊት ከሮሌክስ ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆነች። ያን ጊዜ ፀሐይን በፊደልና በቁጥር፣ እጅ በመታጠብና ጥያቄ በመጠየቅ የተዋወቋት ልጆች ዛሬ ሃያዎቹን ይዘዋል። አንዳንዶቹ የራሳቸው ልጅ አላቸው። ጥያቄዬ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ያ የሁለተኛው ትውልድ ልጅ ፀሐይን ከእናቱ ትዝታ አልፎ የራሱ ጓደኛ ሊያደርጋት የሚችለው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው ለዚህ የሚሰጠው መልስ ስለ መልክ ነው፤ ምስሏን አሳምሩ፣ ወደ አኒሜሽን ቀይሯት፣ ዩቲዩብ ላይ ጫኗት። እነዚህ ሁሉ ይጠቅማሉ። እኔ ግን መልኩ ሁለተኛ ነው ባይ ነኝ። ገጸ ባሕርይን የሚያኖረው ተተኪ ነው። እጁን የሚሰጥ፣ ድምፁን የሚሰጥ፣ ጠባዩን ተምሮ በዚያ ጠባይ አዲስ ነገር የሚናገር ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ካልሠለጠነ ምስሉ የቱንም ያህል ቢጠራ የምናየው የድሮውን ቅጂ ነው።

የዚህን እውነት ዋጋ የከፈልነው በአባባ ተስፋዬ ነው። ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረዋል። ‹‹የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች›› ብለው ሲጀምሩ ያልሰማ የዚያ ዘመን የከተማ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ‹አባባ› የዝምድና መጠሪያ ስለሆነ እያንዳንዱ ልጅ እንደ ራሱ አያት ነበር የሚያያቸው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰው ሕዝብ ተረት ነጋሪውን ብቻ ሳይሆን የገዛ ልጅነቱን ነበር የሸኘው። ከዚያ በኋላስ? ያ ወንበር እንደ ወንበር አልተወረሰም። ገጸ ባሕርዩ ከአንድ ሰው ፊት፣ ከአንድ ሰው ሳቅ፣ ከአንድ ሰው ድምፅ ጋር አንድ ሆኖ ስለነበር አብሮ ሄደ። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ ሰው የራሱን ፊት ለሌላ ሊያወርስ አይችልም። አሻንጉሊት ግን ይችላል። ካልሲው ከአንዱ እጅ ወልቆ በሌላው እጅ ይጠልቃል፤ ያው ዓይን፣ ያው ረጅም አንገት፣ ያው ጠያቂነት። ይህን ዕድል ይዘን አለመጠቀማችን ነው የሚቆጨኝ።

መተካካትን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም፤ በቤታችን የኖረ ነገር ነው። አያ ጅቦና እመት ጦጣ ማን ፈጠራቸው? አይታወቅም። ማን ነገራቸው? እያንዳንዷ አያት፣ በየምድጃው ዳር፣ በየራሷ ድምፅ። ጅቡ ሁልጊዜ ሆዳምና ሞኝ ነው፣ ጦጣዋ ሁልጊዜ ብልጥ ናት፤ የሚሄዱበት መንገድ፣ የሚሰርቁት እህል፣ የሚገጥማቸው አጣብቂኝ ግን በየአገሩ ይለያያል። የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ነው። የአብነት ተማሪ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ በሦስት ቤት እንደሚቆም ይማራል፤ ልኩንና ዜማውን ነክቶ ማዛባት አይፈቀድለትም። ነገር ግን የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ ቢያሰማ ተቀኘ አይባልም፤ ቅኔው አዲስ፣ የዚያ ዕለት መሆን አለበት። ልኩ የጥንት፣ ቃሉ የዛሬ። ሰፈራችን አብነት የተጠራበት ቃልም ‹አርአያ›፣ ‹ተመልክተህ የምትከተለው› ማለት ነው። ለልጆች ገጸ ባሕርይ የሚያስፈልገው ሕግ ይኸው ነው፤ የፀሐይ ልክ ጠባይዋ ነው፣ ቅኔዋ ደግሞ የዘንድሮ ልጅ ጥያቄ።

በዓለም የታወቁትም የቆዩት በዚሁ መንገድ ነው። ሚኪ ማውስን ከ1928 ጀምሮ ድምፅ ይሰጠው የነበረው ዋልት ዲዝኒ ራሱ ነበር፤ በ1940ዎቹ ሥራው ሲበዛበት ለሌላ ሰው አስረከበ፣ ሚኪም እስከ ዛሬ ይናገራል። እንቁራሪቱን ከርሚትን በእጁ ያንቀሳቅስ የነበረው ጂም ሄንሰን በ1990 በድንገት ሲሞት ስቲቭ ዊትማየር ተቀበለው፤ ከእሱ በኋላ ማት ቮግል ቀጠለ። ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ምሳሌ ግን የደቡብ አፍሪካው ነው። ከ1969 ጀምሮ በአሜሪካ የሚታየው ‹‹ሰሰሚ ስትሪት›› ደቡብ አፍሪካ ሲገባ ‹‹ታካላኒ ሰሰሚ›› ሆነ፤ በ2002 ደግሞ ካሚ የምትባል ኤችአይቪ በደሟ ያለባት የአምስት ዓመት አሻንጉሊት ተቀላቀለች። የአገሩ ልጆች ወላጆቻቸውን እየቀበሩ ነበር፤ ስለዚያ የሚያወራቸው ግን አልነበረም። የቆየው ቤተሰብ ለአዲሱ ሐዘን ቦታ ለቀቀ። ዝግጅቱን ለዚያ አገር ልጅ የራሱ ያደረገለት ይህ ነው።

አሁን ወደ እጁ እንምጣ። አሻንጉሊት ማናገር ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። አራቱ ጣቶች የላይኛውን መንጋጋ ይይዛሉ፣ አውራ ጣት የታችኛውን። ጀማሪ ሁልጊዜ የላይኛውን ወደ ላይ ያነሳል፤ ያኔ አሻንጉሊቷ የምትናገር ሳይሆን ጣሪያ የምታይ ትመስላለች። የሠለጠነ እጅ አውራ ጣቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ዓይኗም ከምታነጋግረው ሰው አይነቀልም። በአማርኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ መጥበቅና መላላት። ‹‹ይመታል›› ብላ መ ሲላላ ልጁ ሌላውን ይመታል፤ መ ሲጠብቅ ዱላው በራሱ ላይ ያርፋል። በጽሑፍ አንድ ነው። በከንፈር ግን የሁለተኛው መ አፍን ትንሽ ረዘም አድርጎ ይዘጋል፣ የአሻንጉሊቷ አፍም ለዚያች ቅጽበት ተዘግቶ መቆየት አለበት። ከውጭ አገር ካርቱን ላይ አማርኛ ሲለጠፍ ልጆች የማያገኙት ይህንን ነው፤ አፉ የተሳለው ለሌላ ቋንቋ ነውና። እንዲህ ያለው ዕውቀት በመጽሐፍ አይተላለፍም። ከሚችለው ሰው ጎን ተቀምጦ ነው የሚወረሰው።

‹‹ልጆች እኮ ስልክ ላይ ናቸው፣ ከዩቲዩብ አኒሜሽን ጋር ካልሲ እንዴት ይፎካከራል?›› የሚል ተቃውሞ አውቃለሁ፣ ቀላልም አይደለም። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛው የሒሳብ ነው። በተለመደው የሃያ አራት ፍሬም አሠራር የአንድ ደቂቃ አኒሜሽን 1,440 ምስል ይፈልጋል፤ ኮምፒውተር ቢያግዝም ሰው፣ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። አሻንጉሊት ግን ካሜራ ፊት ቀርባ ስትናገር ሥራው እዚያው አለቀ። ካልሲው፣ አዝራሩ፣ ስፖንጁና ክሩ መርካቶ ውስጥ በግማሽ ቀን ተገዝቶ ይገባል። ዛሬ ልጆች የሚያወሩትን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ልትመልስ የምትችለው እሷ ናት። ሁለተኛው መልሴ ስለ ልጁ ነው። ትንሽ ልጅ አሻንጉሊትን የሚወደው ጨርቅ መሆኗን ስላላወቀ አይደለም። ያውቃል፣ እያወቀ ያምናታል፤ ወዲያው ተነሥቶ የራሱን ካልሲ በእጁ አጥልቆ ይመልስላታል። ስልኩ ላይ ያለው በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተሠራ ልዕልት ይህን አትፈቅድለትም፤ ሊያያት እንጂ ሊሠራት አይችልም። ይህን ስል አኒሜሽንን መጥላቴ አይደለም። የእነ ብሩክታዊት ድርጅት ራሱ ‹‹ጥበብ ገርልስ›› የተባለውን ስለ ልጃገረዶች የሚናገር አኒሜሽን ሠርቷል፣ ለዚያ ዕድሜና ለዚያ ጉዳይ ትክክለኛው መሣሪያ ነበር። የስድስት ዓመቷ ፀሐይ ግን ካልሲነቷ ጉድለት ሊሆን አይገባም።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የፈጣሪን ክብር የሚያነሳው ነው። የቲንቲን ደራሲ ኤርዤ በ1983 ሲሞት ሌላ ሰው አዲስ ጀብዱ እንዳይጽፍ ተደረገ። የቻርሊ ብራውንና የስኑፒ አባት ቻርልስ ሹልዝም በ2000 ሲሞት የጋዜጣው ሥዕል አብሮት ቆመ። እነዚህን ውሳኔዎች አከብራለሁ። ግን ሥራዎቹ አንድ አይደሉም። የሹልዝ ሥዕል የአንድ ሰው የእጅ መስመር ነው፤ መስመሩ ራሱ ሥራው ነው፣ እንደ መጽሐፍም ይነበባል። ለትንሽ ልጅ የምትቀርብ አሻንጉሊት ግን ሥራዋ መልስ መስጠት ነው፤ የጠየቃትን ልጅ ካልመለሰችለት የለችም። ደግሞም ፀሐይ ከአንድ ጉሮሮ ከወጣች ቆይታለች። ዝግጅቱ ከአማርኛ አልፎ አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማልኛን ጨምሮ በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች ተሠርቷል። ጅግጅጋ ላይ በሶማልኛ የሰማት ልጅ ‹‹እውነተኛዋ ፀሐይ አይደለችም›› ይላል? የፀሐይ ማንነት በድምፁ ቃና ላይ ሳይሆን በጠያቂነቷ፣ በየዋህነቷ፣ ስትሳሳት ባለማፈሯ ላይ መሆኑን ቋንቋዎቹ አስቀድመው አሳይተውናል። ታዲያ በአማርኛውም ሁለተኛ ድምፅ መሠልጠኑ ክህደት ሊሆን አይችልም። ፈጣሪዋ በሕይወት እያለች፣ ‹ይህ የእሷ ጠባይ ነው፣ ይህ አይደለም› ብላ ማረም በምትችልበት ጊዜ ቢሆን ደግሞ ይሻላል።

‹‹ለምን አዲስ አንፈጥርም?›› ለሚለው፣ እንፍጠር እላለሁ፤ በደንብ እንፍጠር። ግን አዲስ ገጸ ባሕርይ የወላጅን እምነት ለማግኘት ዓመታት ይፈጅበታል። ፀሐይ ያንን እምነት ይዛለች፤ በልጅነቷ ያወቀቻት እናት ልጇን ስልክ አስይዛ ወደ ኩሽና ከመሄድ ይልቅ አብራው ልትቀመጥ ትችላለች። ከልጁ ጎን የተቀመጠ፣ ‹‹አየህ፣ እንዲህ አለች›› የሚል ትልቅ ሰው ለልጁ ከማንኛውም የምስል ጥራት ይበልጣል። የእኛ አገር የልጆች ሥራ ትልቁ ሕመም ሌላ ነው፤ ብዙው የሚሠራው በፕሮጀክት ገንዘብ ነው። ስለ ክትባት ወይም ስለ ንጽሕና ይህን ያህል ክፍል ይሠራል፣ ሪፖርት ይገባል፣ በጀቱ ሲዘጋ ገጸ ባሕርዩም ይዘጋል። ስለዚህም ነው ከላይ ቦርሳውን ያነሳሁት። መርካቶ ውስጥ ቦርሳ የሚሰፉ እጆች አሉ። ከእነሱ ጋር በስምምነት የፀሐይ ምስል በቦርሳ፣ በደብተር ሽፋን፣ በምሳ ዕቃ ላይ ቢወጣ፣ ከሽያጩ የሚገኘው ድርሻ የለጋሽ ቀነ ገደብ የሌለው ገንዘብ ይሆናል። ሚኪም ሆነ ስፓይደርማን ኑሯቸው በፊልም ብቻ አልነበረም፤ ዕቃው ነው ፊልሙን የመገበው።

የዚያ ገንዘብ የመጀመሪያ ወጪ ደግሞ ስቱዲዮ መሆን የለበትም፣ ሰው ነው። ሄንሰን በጀመረው ቤት አዲስ ሙያተኛ የሚሠለጥንበት አንድ ልማድ አለ። እንደ ኩኪ ሞንስተር ያለ፣ ሁለት እጁ የሚሠራ አሻንጉሊት በሁለት ሰው ነው የሚንቀሳቀሰው። ባለቤቱ ራሱንና ግራ እጁን ይይዛል፤ ተማሪው ተጠግቶ ቀኝ እጁን ብቻ ይሰጣል። አይናገርም፣ አይመራም። መምህሩ መቼ እንደሚተነፍስ፣ ቀልዱ ከመውደቁ በፊት ስንት ቅጽበት እንደሚጠብቅ፣ ሲደነግጥ እጁ ወዴት እንደሚሄድ በክንዱ ይማራል። ከጊዜ በኋላ ራሱን እንዲይዝ ይሰጠዋል። የየኔታን እግር ሥር የሚያውቅ አገር ይህን አሠራር ሊቸገርበት አይገባም። ፀሐይን እያዩ ያደጉት ልጆች ዛሬ በትክክለኛው ዕድሜ ላይ ናቸው፤ ጠባይዋን በልባቸው ያውቁታል፣ ዘፈኗን ያስታውሳሉ፣ የየአገራቸውን ቋንቋ ይናገራሉ። ቀኝ እጁን ብቻ ሰጥቶ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ የሚማር ሰው ከእነሱ መሀል ዛሬ ይፈለግ።