«አንዴ ወስዶ ባሳረፈኝ» ሲሉን ምን እየጠየቁን ነው?

ቆቦ ከተማ ወይም ከዞብል ተራራ ሥር ያደገ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይሰማት አይቀርም። ካንሰር የያዛቸው እናት ወይም ጉበታቸው የተጎዳ አባት፣ ሌሊት ላይ የቆላው ሙቀትና ሕመሙ ተባብረው እንቅልፍ ሲነሷቸው፣ «ምነው አንዴ ወስዶ ባሳረፈኝ» ይላሉ። አንዱ «አላህ»፣ ሌላው «እግዜር» ብሎ ይጀምራል እንጂ ልመናው ያው ነው። አጠገባቸው ያለው ልጅ ወይ «ኧረ እንዲህ አይበሉ!» ብሎ ይቆጣል፣ ወይ ውጭ ወጥቶ ያለቅሳል። ሪያድ ወይም ጅዳ ሆኖ በኢሞ የሚያያቸው ደግሞ ኔትወርክ የተቋረጠ አስመስሎ ስልኩን ይዘጋል።

ታዲያ የሚጠይቁት ሞትን ነው ወይስ ሕመሙ እንዲቆምላቸው? ጥያቄውን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ካናዳ ወይም ኔዘርላንድስ ውስጥ በሐኪም እርዳታ ስለሞቱ ሰዎች የሚያወሩ ቪዲዮዎች ስልካችን ላይ ይመጣሉ፤ «እኛ አገርስ ቢፈቀድ?» የሚል ሰውም አይጠፋም። ክርክሩ ትንሽ ይቆየን። መጀመሪያ ሁለቱን ነገሮች እንለያቸው፤ ምክንያቱም የሁለቱ መምታታት እኛ ጋ በየቤቱ ሰው እያሠቃየ ነው።

ዩታኔዥያ፣ በአማርኛ «የምሕረት ግድያ» የሚባለው፣ በከባድ ሕመም የሚሠቃይ ሰው ጠይቆ በሐኪም እጅ ሕይወቱ እንዲያበቃ ማድረግ ነው። ኔዘርላንድስና ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2002፣ ካናዳ ደግሞ በ2016 ፈቅደውታል። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ከ1997 ጀምሮ የምትሠራበት ሕግ ትንሽ ይለያል፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ያዝዛል፣ የሚወስደው ግን ሕመምተኛው ራሱ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም ወንጀል ናቸው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ «አዝኜለት ነው» ብሎ ለገደለ ሰው ፈቃድ አይሰጥም፤ ሌላው ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የረዳም በአንቀጽ 542 ይጠየቃል። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ነፍስን የሚወስደው የሰጣት ብቻ ነው ይላሉ።

ፓሊየቲቭ ኬር ወይም የማስታገሻ ሕክምና ግን ሌላ ነገር ነው። በሽታው ባይድንም ሕመሙን፣ ትንፋሽ ማጠሩን፣ ማቅለሽለሹን፣ ጭንቀቱን ማከም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሲተረጉመው ሞትን ለማፋጠንም ለማዘግየትም የማያስብ ሕክምና ይለዋል። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ በ1967 ለንደን ላይ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ሲከፍቱ «ጠቅላላ ሕመም» የሚል ሐሳብ ይዘው ነበር፤ ሊሞት የተቃረበ ሰው አካሉን፣ ስሜቱን፣ ማኅበራዊ ኑሮውንና መንፈሱን ያመዋልና አራቱም ይታከሙ ማለታቸው ነው።

እውነት ለመናገር ከአራቱ ሦስቱን ወሎ ድሮም ያውቃቸዋል። ሕመምተኛ ብቻውን አይተውም። ጎረቤት ቡና አፍልቶ ከጎኑ ይቀመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ንስሐ አባት ይመጣል፣ ጠበል ይቀርባል። ቅሬው ለቀብር ብቻ ሳይሆን በሽተኛ በቃሬዛ ለመሸከምም ይደርሳል። የጎደለን የመጀመሪያው ነው፤ የአካሉ ሕመም። ሃያ ሰው ከብቦ ሲያጽናናው የሚውል ሰው፣ ሌሊት ለአጥንት ካንሰር ፓራሲታሞል ተሰጥቶት ሲቃትት ያድራል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም የሚሆነው መድኃኒት ሞርፊን ነው። ስሙ ሲጠራ ግን ቤተሰብ ይደነግጣል። «ሱስ ያስይዛል»፣ «ሞርፊን ከተሰጠማ አበቃለት»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «እኛው በእጃችን ገደልነው እንዳይሆን»። ትራማዶል በየሰፈሩ ወጣት ሲያበላሽ ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። አሠራሩን ግን እንይ። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን በትንሽ መጠን ይጀመራል፤ ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፣ ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም። ሐኪሙ የሰውየውን ሁኔታ እያየ ቀስ እያለ ይጨምራል። መጀመሪያ ሰሞን ማንቀላፋትና ማቅለሽለሽ ይኖራል፣ የሆድ ድርቀት ደግሞ አይቀርም፤ ስለዚህ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል። በዚህ መልክ ሲሰጥ ሞትን ያፋጥናል የሚለው ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም። እንዲያውም እንቅልፍ አግኝቶ፣ ትንሽ ቀምሶ፣ ከልጆቹ ጋር የሚያወራበት አቅም የሚያገኝ ሕመምተኛ ብዙ ነው።

በሥነ ምግባሩ በኩል መለያው እዚህ ላይ ነው። የማስታገሻ ሐኪም መጠኑን የሚለካው በሕመሙ ነው፤ ሕመሙ ሲበርድ ያቆማል። ዩታኔዥያ የሚፈጽመው ግን መጠኑን የሚለካው በሞት ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ ነገ ቢነሣ ሐኪሙ ደስ ይለዋል፤ የሁለተኛው ቢነሣ ሥራው አልተሳካም ማለት ነው። ስለዚህ ለእናቱ በታዘዘው መሠረት ሞርፊን በማንኪያ የሰጠ ልጅ፣ እሳቸው በማግስቱ ቢያርፉ እንኳ፣ ገዳይ አይደለም። የገደላቸው በሽታው ነው።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። ሆስፒታል «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም፣ ቤት ውሰዷቸው» ሲል፣ ወይም ሕመምተኛው ራሱ «መርፌው ይብቃኝ፣ አገሬ ልሙት» ሲል፣ ቤተሰብ ለሞት አሳልፎ የሰጠ ይመስለዋል። የማይጠቅም ሕክምና ማቆም ግን መግደል አይደለም። የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው። «የምናደርገው የለም» የሚለው ቃል ራሱ ስሕተት ነው። የሚያድን ነገር ላይኖር ይችላል፤ የሚያስታግስ ግን አለ። ያለ ማስታገሻ ወደ ቤት መላክን መተው ብንለው ማጋነን አይመስለንም።

መድኃኒቱ ውድ ሆኖ ነው? አይደለም፤ የሞርፊን ፈሳሽ ከርካሾቹ አንዱ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳወጣው፣ በዓለም ላይ በዓመት ከሚሠራጨው ሞርፊንና መሰል መድኃኒት 298.5 ቶን ውስጥ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ኡጋንዳ ግን ድሃ ሆና መንገድ አግኝታለች። ዶክተር አን ሜሪማን በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን ከጀመሩ በኋላ የሞርፊን ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ለሕመምተኛ በነፃ ይሰጥ ጀመር፤ ሐኪም በሌለበት ገጠር የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዝዙትም ተፈቀደ። እኛ ጋ በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት ያስታምማል፤ ጤና ሚኒስቴርም በ2016 ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። መመሪያውና ቆቦ ግን ሩቅ ለሩቅ ናቸው። ጦርነቱ የሰሜን ወሎን የጤና ተቋማት ምን እንዳደረጋቸው ለራያ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከቆቦ ወልዲያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጀርባው መተኛት ያቃተው ሰው ያንን በሚኒባስ ሲሄድ አስቡት።

አሁን ወደ ክርክሩ። ዩታኔዥያን የሚደግፉ ሰዎች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው፤ ምርጥ የማስታገሻ ሕክምና አግኝቶም የሚሠቃይ ሰው አለ። ኦሪገን ውስጥ በሕጉ ከተጠቀሙት አብዛኞቹ የሆስፒስ ክትትል ነበራቸው፤ በብዛት ያነሱት ምክንያትም ሕመም ሳይሆን በራሳቸው ሕይወት ላይ ማዘዝ አለመቻላቸው ነው። ብዙዎች ደግሞ ለቤተሰብ ሸክም መሆንን ጠቅሰዋል። «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚለውን እኛም ቤት እንሰማዋለን፣ ለዚያ ደግሞ ሞርፊን መልስ የለውም። ቢሆንም ፓራሲታሞልና ሞት ብቻ የቀረቡለት ሰው መረጠ ማለት ይከብደናል። ማስታገሻው ሳይደርስ ስለ ሁለተኛው ማውራት እኛ አገር ቅደም ተከተሉን ያዛባል።

እንግዲህ ቤታችሁ ሕመምተኛ ካለ፣ ወይም ከሩቅ ሆናችሁ ለሕክምና ብር የምትልኩ ከሆነ፣ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት እነዚህን ጠይቁ። ሕመማቸው ቢብስ የምንሰጠው ምንድን ነው? ሞርፊን እዚህ አለ? ከሌለስ በየትኛው ሆስፒታል ይገኛል? ሞርፊን ለብቻው በተዘጋጀ ማዘዣ ስለሚወጣ ወረቀቱን ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ፤ ከሱቅ ወይም ከሰው እጅ አትግዙ፤ መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ። ቁስል ከሸተተም አትሽሹ፣ ሽታውን የሚቀንስ መድኃኒት ስላለ ባለሙያ ጠይቁ። አልጋ ላይ ከዋሉ በየ2 ሰዓቱ ገልበጥ አድርጓቸው፣ ከንፈራቸውን አርጥቡ።

ሌሊት ላይ «ወስዶ ባሳረፈኝ» ሲሉ ደግሞ አትቆጧቸው። «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» በሏቸው፣ የነገሯችሁንም ጽፋችሁ ጠዋት ለሐኪሙ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽኗ አሳዩ።