የኢኮኖሚ መጽሐፍ ደራሲን ከማመናችን በፊት ምን እንጠይቅ?

በሻርጃ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ዐውደ ርዕይም ሆነ በዱባይና በአጅማን የመጻሕፍት መደብሮች ስለ ገንዘብ የሚመክሩ መጻሕፍት አይጠፉም። ከደመወዙ ቆጥቦ ለሀገር ቤት ሥራ ያሰበ ኢትዮጵያዊ አንዱን አንብቦ ያጠራቀመውን ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ከምክሩ በፊት መካሪውን ማወቅ ይበጃል።

በአረብኛ መጻሕፍት ሽፋን ላይ “ኸቢር ኢቅቲሷዲ” የሚል ጽሑፍ ይታያል። ትርጉሙ “የኢኮኖሚ ባለሙያ” ነው። ይሁንና ቃሉ የትምህርት ማዕረግ ስላልሆነ የት ተማረ? የት ሠራ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

ሮበርት ኪዮሳኪ ከሻሮን ሌክተር ጋር የጻፈው “ሀብታም አባት ደሃ አባት” እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሞ ወደ አረብኛም ተተርጉሟል። ከኩባንያዎቹ አንዱ የሆነው ሪች ግሎባል ግን ለሌላ ድርጅት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ከተፈረደበት በኋላ፣ በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። ይህ ብቻውን ምክሩን ሐሰት አያደርገውም። ሆኖም ደራሲው የሚኖረው በሚመክረው ሥራ ነው ወይስ መጽሐፍና ሥልጠና በመሸጥ? የሚለውን እንድንጠይቅ ያደርገናል።

ዲግሪ ብቻ ይበቃል?

አይበቃም። የሃርቫርድ ፕሮፌሰሮቹ ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ዕዳቸው ከሀገራዊ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ ሀገራት አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ነው ብለው ነበር። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የተባለ ተማሪ የስሌት ሰንጠረዡን ከእነርሱ ተቀብሎ ሲመረምር አምስት ሀገራት ከስሌቱ መዘለላቸውን አገኘ። ከባልደረቦቹ ጋር ይህንንና ሌሎች ነጥቦችን አርመው ሲያሰሉት ውጤቱ 2.2 በመቶ ሆነ። ፕሮፌሰሮቹ የሰንጠረዡን ስህተት ቢያምኑም በዋናው መደምደሚያቸው ጸንተዋል። ስህተቱ የታወቀው ግን መረጃው ለሌላ ሰው ዓይን ክፍት በመሆኑ ነው።

የቅርብ ምሳሌ

ገብረሕይወት ባይከዳኝ በድሬዳዋ የጉምሩክ ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። በ1919 ካረፈ በኋላ በ1924 የታተመው “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” ጥሬ ዕቃ ሸጦ የፋብሪካ ዕቃ የሚገዛ ሀገር እንዴት እንደሚጎዳ ያስረዳል። የጻፈው በሥራው ስለሚያውቀው ንግድ ነበር።

ዘመኑንስ አይተዋል?

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ከዚያ በፊት የተጻፈ የቁጠባ ምክር ዛሬ ላይሠራ ይችላል። እናም የኅትመት ዓመቱን ይመልከቱ፤ ደራሲው የጠቀሳቸው አኃዞች ምንጭ እንዳላቸው ያረጋግጡ። በመጨረሻው ገጽ “ገንዘብዎን ለእኔ ያስረክቡ” የሚል ግብዣ ካገኙ ደግሞ ድርሃም ከመላክዎ በፊት የግለሰቡን ፈቃድ ከሚመለከተው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።