የማታ ቡና የት ያድራል?

ጅማ ላይ «እኔን ቡና እንቅልፍ አይከለክለኝም» የማይል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። አጋሮም፣ ሊሙ ገነትም እንዲሁ ነው። ማታ ጎረቤት ተጠራርቶ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፣ ጋደም ይላል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል። በነጋታው ደግሞ «ይኸው ተኝቻለሁ» ይላል። መተኛቱስ እውነት ነው። መጠየቅ ያለበት ያ እንቅልፍ ምን ያህል እንደጠቀመው ነው።

አንጎላችን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ በውስጡ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። አዴኖሲን በነርቭ ሴሎች ላይ ከሚገኙት መቀበያዎቹ ጋር ሲገናኝ ዐይን ይከብዳል፣ ሰውነት ይዝላል። ካፌይን ደግሞ በቅርጹ እሱን ስለሚመስል፣ የሰው ወንበር ቀድሞ እንደያዘ እንግዳ መቀበያዎቹ ላይ ይቀመጣል። ድካሙ የትም አልሄደም፤ ወሬው ብቻ ነው ሳይደርሰን የቀረው።

ይህ እንግዳ ቶሎ የሚነሣ አይደለም። በጤናማ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጣነው ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሩቡ ገና ከእኛ ጋር ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ይበልጥ ይዘገያል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ግማሹ እስኪወጣ 15 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ እርጉዝ ጎረቤት ማታ «በቃኝ» ስትል «አንድ ሲኒ ምን ያደርግሻል» እያልን ባናስጨንቃት ደግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ለመኝታ 6 ሰዓት ሲቀረው 400 ሚሊ ግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንዳጡ በመሣሪያ ለክቶ አሳይቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ግኝት ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸው ስለ እንቅልፋቸው በጻፉት ማስታወሻ ላይ ይህን ጉድለት በቅጡ አላስተዋሉትም። የጅማው ሰው «ይኸው ተኝቻለሁ» የሚለውም ለዚህ ይመስለኛል። ካፌይን በተለይ የሚቀንሰው ጥልቁን፣ ሰውነት የሚጠገንበትን እንቅልፍ ነው። ጠዋት ሰውየው ሰውነቱ እንደከበደው ይነሣል፤ ድካሙን የሚያባርርለት ደግሞ ያው ቡና ነው።

እርግጥ ሰው ሁሉ እኩል አይደለም። ካፌይንን የሚሰባብረው በጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ሲሆን ፍጥነቱን በአብዛኛው ዘር ይወስነዋል። በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪ የሆኑት ኤሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ይህንኑ ኢንዛይም በኢትዮጵያውያን ላይ መርምረው፣ ሥራውን የሚያዘገይ የዘር ልዩነት በአንዳንዶቻችን ላይ አግኝተዋል። የባልንጀራዬ ሲኒ ለእኔ መለኪያ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የቡናው ዛፍም ዘር ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡድን ከኢትዮጵያ የቡና ዘር ሰብስቦ ነበር። ከዚያ ዘር ብራዚል ውስጥ ከበቀሉት ዛፎች መካከል ሦስቱ ካፌይን የለሽ ሊባሉ የሚችሉ ሆነው ተገኙ፤ ወሬው እ.ኤ.አ. በ2004 ዓለምን አዳረሰ። እንዲህ ያለ ዛፍ በጌራ ወይም በጎማ ወረዳ ጫካ ጥላ ሥር ሳይታወቅ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ጫካው በተመነጠረ ቁጥር የሚያንገበግበኝ አንዱ ነገር ይህ ነው።

በለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ስለሚበላሽ፣ የማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራ የሚሟሟቀው ሲመሽ ነው። እሸቱ በጆንያ ሆኖ ይደርሳል፣ ይመዘናል፣ ገንዳ ውስጥ ይገለበጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ገለባው በአንድ ወገን ይተፋል፣ ፍሬው በውኃ ቦይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሠራተኛው እጁ በውኃ ረጥቦ፣ ፎጣ ተከናንቦ ሌሊቱን ይጋፈጣል። እንዲህ ላለ ሰው «በጊዜ ተኛ» ማለት ቀልድ ነው። የሚጠቅመው ቡናውን በፈረቃው መጀመሪያ ጠጥቶ ወደ ንጋት ሲቃረብ መተው፣ ቀን ሲተኛም መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ መጋረድ ነው።

ጫትን ሳያነሡ ስለ ጅማ እንቅልፍ መጻፍ አይቻልም። የጫት ዋነኛው አነቃቂ ካቲኖን አንጎልን የሚቀሰቅሰው ከአምፌታሚን ጋር በሚመሳሰል መንገድ ነው። ከቀትር በኋላ የተጀመረ በርጫ ምርቃናው እስከ ሌሊት ይዘልቃል፤ በመካከሉ ቡና ይጨመርበታል። ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል፤ ቢራ ወይም አረቄ። ለብዙ ወጣት የእንቅልፍ መድኃኒቱ ይህ ነው። አልኮል በእርግጥ ቶሎ ያስተኛል። ሰውነት አልኮሉን አቃጥሎ ሲጨርስ ግን የሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ይበጣጠሳል፤ ሰውየው ይባንናል፣ ያልበዋል፣ ለሽንት ይነሣል። የጉሮሮ ጡንቻ ስለሚላላም ማንኮራፋቱ ይብሳል፤ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ደግሞ የበለጠ ይጎዳል። በነጋታው ድብርቱን ለማባረር እንደገና ጫት ይገዛል።

ሌሎች ወደ ኪኒን ይሄዳሉ። ለአለርጂ የሚሰጡ አንዳንድ ኪኒኖች እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ነገር ግን ሰውነት በጥቂት ቀናት ይለምዳቸዋል። ዲያዚፓምና ቤተሰቦቹ ይበልጥ ያስተኛሉ፤ በሳምንታት ውስጥ ግን ጥገኛ ያደርጋሉ፣ ሽማግሌዎችን ለመውደቅ ያጋልጣሉ፣ ከአልኮል ጋር ሲወሰዱ ትንፋሽ ሊያስቆሙ ይችላሉ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚሻለው ወጪ የለውም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። በየቀኑ፣ እሑድንም ጨምሮ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣትና ወዲያው ወደ ደጅ ወጥቶ የጠዋት ብርሃን ማየት የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል። በዚህ ረገድ ጅማ ታድላለች፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ነው። አልጋ ላይ ወጥቶ 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ከመገላበጥ ይልቅ ተነሥቶ በደብዛዛ ብርሃን መቀመጥና እንቅልፉ ሲመጣ መመለስ ይሻላል። ይህ ዘዴ የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ከኪኒን በፊት እንዲሞከር የመከረው ሕክምና አንዱ ክፍል ነው።

ቡናው ደግሞ ይቅር አልልም፤ ጎረቤት የሚጠያየቀው በእሱ ነው። ሰዓቱ ግን ከምሳ በኋላ ወዳለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል። አይሆንም ከተባለ፣ ማታ አቦሉን አሳልፎ ቀጭኗን በረካ መጠጣት ያዋጣል፤ ካፌይኑ በብዛት የሚወጣው በመጀመሪያው ውኃ ነውና። አጥቁሮ መቁላት ግን ካፌይኑን እምብዛም አይቀንሰውም።

በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር እንቅልፍ የራቀው ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። እንደ ዲያዚፓም ያለ ኪኒን ለወራት ሲወስድ የቆየም በራሱ ፈቃድ በአንድ ጊዜ አያቋርጥ፤ ድንገት ማቆም ከበፊቱ የባሰ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዴም መንቀጥቀጥ ያስከትላል። መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳል።